የሩቅ እሳትና የዳቦ ሽታ
ከልጆች ጋር ዳቦ በመጋገር ስለ ሙቀት የሚገኝ ትምህርት

እሳትን ከሩቅ ማየት መሞቅ ነውን? የምግብን ሽታ ማሽተትስ መብላት ነውን? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በሀገራችን ሲነገር በኖረ አንድ ተረት ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ጥያቄዎቹ የፍርድ ጥያቄዎች ይምሰሉ እንጂ የፊዚክስ ጥያቄዎችም ናቸው። መልሳቸውንም ማንኛውም ወላጅ ወይም መምህር በአንድ ምጣድ፣ በጥቂት ሊጥና ጠያቂ በሆኑ ልጆች አማካይነት ሊደርስበት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ባለፈው ክረምት በካፋ ዞን በምትገኘው ቦንጋ፣ በእናቴ ቤት፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር ያደረግነውን ሙከራ ነው።

ተረቱና መጽሐፉ

ተረቱን ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ እናገኘዋለን፤ መድበሉም ርእሱን የወሰደው ከዚሁ ተረት ነው። አርሃ የተባለ አገልጋይ ሌሊቱን ሙሉ በብርዳም ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ቆሞ ሊያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ አርሃም ያንን እሳት እያየ ያነጋል። ጌታው ግን እሳት ማየት እሳት ከመሞቅ አይለይም በማለት የተወራረደውን ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በመጨረሻ ለአርሃ የተቆረቆረ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ጨምሮ ብዙ እንግዶችን ግብዣ ይጠራና የምግቡን ሽታ ብቻ ያሸታቸዋል። እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ፣ ማየት መሞቅ ከሆነ ማሽተትም መጥገብ መሆኑን ያስረዳቸዋል።

ይህንኑ ተረት ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1994 በሥዕል የተዋበ የልጆች መጽሐፍ አድርጋ አሳትማዋለች፤ ሥዕሎቹን የሣለው ኢ. ቢ. ልዊስ ነው። ደራሲዋ አሜሪካዊት ትሁን እንጂ የልጅነት ዘመኗን በአብዛኛው ያሳለፈችው ከካፋ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ማጂ ነው። በእርሷ አተራረክ ባለ ታሪኩ ዓለማየሁ የተባለ ልጅ ሲሆን በባለጸጋው ቤት የምታገለግል እኅት አለችው።

መጽሐፉን የገዛሁት ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ ሀገር በነበርሁበት ጊዜ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለልጆቼ የማነብላቸው ሥዕሎቹን እያሳየሁ በአማርኛ እየተረክሁ ነው። ሰባት ዓመት የሆነው ልጄ የሚወደው ግብዣው ያለበትን ገጽ ነው፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ እኅቱ ግን ስለ ፍርዱ መከራከር ትወዳለች። አንድ ምሽት መጽሐፉን ስዘጋ «ጌታው ተሳስቷል» አልሁ። ልጄም «አባዬ፣ በምን ታውቃለህ? ለክተኸዋል?» አለችኝ።

አልለካሁትም ነበር። ስለ ሙቀት ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁ ሰው ስሆን ይህን ተረት አንድም ቀን አስልቼው አላውቅም። ታናሽየው ደግሞ በበኩሉ የግብዣውን ዳቦ ካልጋገርን አለ። ክረምቱ ሲገባ ሁለቱንም ጥያቄ ይዘን ወደ ቦንጋ ሄድን።

የመጀመሪያው ዳቦ

ለመጋገር የመረጥነው ድፎ ዳቦ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 15 ግራም ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ተጠቀምን። ልጆቹ በየተራ አሹት፤ ሊጡ ኩፍ እስኪልም በሞቀ ስፍራ ከድነን አስቀመጥነው። እናቴ ከጓሮዋ የእንሰት ቅጠል፣ ማለትም ኮባ፣ ቆርጣ በእሳት አለሳለሰችና ምጣዱን አለበሰችው።

እሳቱን የማንደድ ኃላፊነት የእኔ ነበር። ዝናቡ እንጨቱን አርጥቦት ስለነበር፣ ጊዜ ለማሳጠር ብዬ ካለው ሁሉ ደረቅ ደረቁን መርጬ ከምጣዱ ሥር ከመርሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳቦውን ስንቆርሰው ሥሩ ከስሏል፤ መሐሉ ግን ገና ሊጥ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። እናቴ ዳቦውን አገላብጣ አየችና «ልጄ፣ እሳቱን አበዛኸው እንጂ ጊዜውን መች ሰጠኸው» አለችኝ።

ይህ አነጋገር ትክክለኛ ፊዚክስ ነው። ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በግምት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ እጥፍ ውፍረት ያለው ሊጥ መሐሉ እስኪበስል የሚፈልገው ጊዜ እጥፍ ሳይሆን ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ነው። የእሳቱን ብዛት መጨመር ሥሩን ያሳርራል እንጂ የዚህን ጉዞ ጊዜ በተመሳሳይ መጠን አያሳጥርም። በካፋ ቤቶች ዘንድ የታወቀው ቆጮ በስሱ የሚጋገር በመሆኑ ሙቀቱ ቶሎ መሐሉ ይደርሳል። እንሰት እንደ ስንዴ ግሉተን የተባለውን የሚለጠጥ ፕሮቲን ስለማይሠራ የቆጮ ሊጥ አየር ቋጥሮ እንደ ዳቦ አያብጥም፤ ስስ መሆኑም ይስማማዋል።

ሁለተኛው ዳቦና በውስጡ የሚከናወነው ነገር

ሁለተኛውን ዳቦ የጋገርነው በእናቴ መሪነት ነው። እናቴ እሳቱን አሳንሳ በአብዛኛው ፍም እንዲሆን ጠበቀች። ሊጡን በኮባ ላይ አፍስሳ ከላይም በኮባ ሸፈነችው፤ ከዚያም የብረት ክዳን ገጥማ በክዳኑ ላይ ፍም አደረገች። «ከላይም እሳት ከታችም እሳት» የሚባለው ይህ ነው። ሙቀቱ ከሁለቱም ወገን ወደ መሐል ስለሚጓዝ እያንዳንዱ የሚያቋርጠው የውፍረቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ የግማሽ ካሬ ደግሞ አንድ አራተኛ ነው።

በዚህ አጋገር ሙቀት የሚተላለፍባቸው ሦስቱም መንገዶች ይታያሉ። ከምጣዱ ወደ ሊጡ ሥር የሚያልፈው በንክኪ ነው። በክዳኑና በሊጡ መካከል ያለው አየርና እንፋሎት እየተዘዋወረ የሚያደርሰው በፍሰት ነው። ከጋለው ክዳን ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ምንም ነገር ሳይነካ የሚጓዘው ጨረራ ነው። ኮባው ርጥበት ስላለው ሊጡ በቀጥታ ከጋለው ምጣድ ጋር እንዳይገናኝ ይከላከላል፤ እንፋሎቱንም አፍኖ ይይዛል።

እርሾ ሕይወት ያለው ጥቃቅን ፍጡር ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር ተመግቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ በግሉተን መረብ ውስጥ ተቋጥሮ ሊጡን ይነፋዋል። ጋዙ ከ25 ዲግሪ ወደ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ብቻ መጠኑ በ23 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚተነው ውኃም በዚያ ላይ ይታከልበታል።

94 ዲግሪ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዳቦው መሐል ርጥብ እስከሆነ ድረስ እሳቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ከዚህ አያልፍም። ከቤተ ሙከራ በተዋስሁት የብረት ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር ልጄ መሐሉን ስትለካ 93 ዲግሪ አነበበች። ቅርፊቱ ግን ውኃውን ስለሚያጣ ከዚህ እጅግ በላይ ይግላል። በዚያ ግለት ስኳሮችና የፕሮቲን ክፍሎች ተዋሕደው ቡናማውን ቀለምና መልካሙን ሽታ ይፈጥራሉ፤ ይህንን ውሕደት ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ገልጾታል።

የሩቁ እሳት ስሌት

ዳቦው እስኪበስል ድረስ የተረቱን የመጀመሪያ ጥያቄ መመርመር ጀመርን። ሦስት የቆርቆሮ ክዳኖችን በጥላሸት አጠቆርንና በእያንዳንዳቸው ላይ እኩል የቅቤ ቁራጭ አደረግን። ክዳኖቹን ፍም ከያዘ ምድጃ ጎን፣ ፊታቸውን ወደ ፍሙ አዙረን፣ በ30፣ በ60 እና በ120 ሳንቲ ሜትር ርቀት አቆምናቸው። የመጀመሪያው ቅቤ በጥቂት ደቂቃዎች ቀለጠ፤ ሁለተኛው ብዙ ቆይቶ ለዘብ አለ፤ ሦስተኛው ግን ዳቦው እስኪወጣ ድረስ ቅርጹን አልለወጠም።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ጨረራ በሁሉም አቅጣጫ ሲሠራጭ እየሰፋ በሚሄድ የሉል ገጽ ላይ ይከፋፈላል። የሉል ገጽ ስፋት በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ፣ አራት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የእኛ ምድጃ ነጥብ ባለመሆኑ ሕጉ በቅርብ ርቀት በትክክል አይሠራም፤ አዝማሚያው ግን በቅቤው ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ተራራው እንሂድ፤ ለጌታውም የሚያደላ ግምት እንውሰድ። እሳቱ በሰዓት 20 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚፈጅ ታላቅ እሳት ይሁን። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ሲነድ 15 ሚሊዮን ጁል ገደማ ስለሚለቅ የእሳቱ ጠቅላላ አቅም 83,000 ዋት ያህል ነው። አብዛኛው ከጭሱና ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ይሄዳል፤ በጨረራ መልክ በዙሪያው የሚሠራጨውን 25,000 ዋት እንበል። ይህን ለሉሉ ገጽ ስፋት ብናካፍለው በ5 ሜትር ርቀት በአንድ ካሬ ሜትር 80 ዋት፣ በ10 ሜትር 20 ዋት፣ በ100 ሜትር 0.2 ዋት እናገኛለን። ከሸለቆው ማዶ፣ ማለትም በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ የሚደርሰው 0.002 ዋት ብቻ ነው። ይህም ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው፤ በጨረቃ ብርሃን የሞቀ ሰው ደግሞ የለም።

ወደ እሳቱ የዞረው የአርሃ ገላ 0.7 ካሬ ሜትር ቢሆን የሚቀበለው 0.0014 ዋት ነው። ያረፈ ሰው ገላ በራሱ 100 ዋት ገደማ ያመነጫል። በ5 ዲግሪ ብርድ ራቁቱን የቆመ ሰው ደግሞ ከ200 ዋት በላይ ወደ አካባቢው ይለቃል። ይህን ጉድለት የሚሞላው የጡንቻዎች መንቀጥቀጥ ነው፤ ለመንቀጥቀጡ ነዳጅ የሚሆነውም ቀደም ብሎ የተበላው ምግብ ነው። እንግዲህ አርሃን ያሞቀው ከእሳቱ ይልቅ ከመውጣቱ በፊት የበላው ነው።

እዚህ ላይ ልጄ «ስንት ዳቦ ያህል ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። አንድ መቶ ግራም ዳቦ 250 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ጁል የሚያህል ኃይል ይሰጣል። የሩቁ እሳት በ12 ሰዓት ሌሊት ለአርሃ የሰጠው ግን 0.0014 ዋት በ43,200 ሴኮንድ ሲባዛ 60 ጁል ነው። 60 ጁል በዳቦ ሲመነዘር 6 ሚሊ ግራም አይሞላም። ይህ አንዲት ፍርፋሪ ናት። ጌታው ከአርሃ ላይ ሊቀንስ የሚገባው ነገር ቢኖር እንኳ የአንዲት ፍርፋሪ ዋጋ ነበር፤ እርሱ ግን ሁሉንም ከለከለው። በዚሁ ስሌት እሳቱ የሚቆጠር ሙቀት፣ በካሬ ሜትር 100 ዋት ያህል፣ ሊሰጥ የሚችለው ከአርሃ 4.5 ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ቢሆን ኖሮ ነው።

ሽታው ምን ያህል ይመዝናል?

ሊጡ ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት 1,680 ግራም መዝኖ ነበር፤ ዳቦው ሲወጣ 1,480 ግራም ሆነ። የጎደለው 200 ግራም ማለት ይቻላል በሙሉ ውኃ ነው። እያንዳንዱ ግራም ውኃ ለመትነን 2,260 ጁል ገደማ ስለሚፈልግ ለዚህ ብቻ 450,000 ጁል የሚያህል ሙቀት ወጥቷል። ሽታውን የሚሸከሙት ሞለኪውሎች ግን ከዚህ ጉድለት ውስጥ በወጥ ቤት ሚዛን ሊታይ የሚችል ድርሻ የላቸውም።

ለዳቦ ቅርፊት መዓዛውን ከሚሰጡት ውሕዶች አንዱ አሴቲል ፒሮሊን ይባላል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የግራም አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ቢገባ እንኳ አፍንጫችን ሊለየው ይችላል። ይህን የሚያህል ነገር ረኀብ አያስታግሥም። ሽታ የእውነተኛ ቁስ ቅንጣት ወደ አፍንጫችን መግባት መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የሚያደርሰው ምግብን ሳይሆን የምግብን ወሬ ነው። የሩቁ እሳትም እንዲሁ ነው። ዓይናችን እጅግ ጥቂት ብርሃንን ይለያል፤ ቆዳችንን ለማሞቅ ግን ያ ብርሃን አይበቃም። እሳቱም ሽታውም መልእክት አድርሰዋል፤ ኃይል ግን አላደረሱም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ጥቂት ነው።

ይህንን ለልጆቹ ስገልጽ ታናሽየው «ታዲያ ካላሞቀው ለምን ሌሊቱን ሙሉ አየው?» አለኝ። ለዚህ የማውቀው ቀመር የለም። ሰው በጨለማ ብቻውን ሲቆም ማዶ ለእርሱ ሲል ነቅቶ እሳት የሚያነድ ሰው መኖሩን ማወቁ እንዲጸና እንደሚያደርገው ነገርሁት። መልእክቱ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው ግን በዋት የሚለካ አይደለም። ጌታው የተሳሳተው ይህን ዋጋ ሙቀት ብሎ በመቁጠሩ ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን

ይህን ትምህርት በየትኛውም ቤት ወይም ትምህርት ቤት መስጠት ይቻላል። የሚከተሉትን ነጥቦች ግን ልብ ይበሉ፡-

1. በቅድሚያ ተረቱን ይተርኩ፤ ልጆቹ ለጌታው ወይም ለአርሃ ፈርደው ምክንያታቸውን ይጻፉ። ከሙከራው በኋላ ሐሳባቸውን ይለውጡ እንደሆነ ይጠይቋቸው።

2. ሊጡን በሁለት ብርጭቆ ከፍለው አንዱን በሞቀ፣ ሌላውን በቀዘቀዘ ስፍራ ያስቀምጡ፤ የሊጡንም ከፍታ በየ15 ደቂቃው ምልክት ያድርጉበት።

3. ሊጡንም ዳቦውንም ይመዝኑ፤ ልጆቹ የጎደለው ወዴት እንደ ሄደ ይገምቱ።

4. የቅቤው ሙከራ ከምድጃው ጎን እንጂ ከበላዩ መሆን የለበትም፤ ከበላዩ ከሆነ የሚለካው ጨረራው ሳይሆን የሚወጣው ትኩስ አየር ይሆናል።

5. እሳቱን የሚይዘው አዋቂ ብቻ ይሁን። ለልጆች በመሬት ላይ ከምድጃው አንድ ሜትር የራቀ መስመር ያሥምሩ፤ ነጠላና የተንዘረፈፈ ልብስ አይልበሱ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አያንድዱ፤ ከሰል ሽታ የሌለውንና ገዳይ የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃልና። ይህ መልእክተኛ የሌለው አደጋ ነው።

6. ልጅ ቢቃጠል የተቃጠለውን ስፍራ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ያብርዱ። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ፤ ቃጠሎው ከባድ ከሆነም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ሁለተኛው ዳቦ መልካም ሆኖ ወጣ። እናቴ ቆርሳ ለሁላችንም አደለች፤ የመጀመሪያውን ዳቦ የከሰለ ሥር ግን «ይህ የመምህሩ ድርሻ ነው» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ልጄ ከድርሻዋ አንዲት ፍርፋሪ ቆንጥራ በመጽሐፉ ላይ፣ ልጁ በተራራው ላይ ቆሞ በሚታይበት ሥዕል አጠገብ አስቀመጠችና በእርሳስ «ሌሊቱን ሙሉ ይህችን ያህል» ብላ ጻፈች። ወንድሟ ፍርፋሪዋን አንሥቶ በላት።

ለአንባቢያን የሚቀርብ ጥያቄ፡- እሳቱ ከአርሃ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን ኖሮ በ12 ሰዓት ውስጥ የሚያገኘው ሙቀት ስንት ግራም ዳቦ ያህል ይሆን ነበር? ዳኛውስ ፍርዱን ይለውጥ ዘንድ ይገባው ነበርን?